በመስታወት ውስጥ ላለው ሽማግሌ ያወረስኩትን ቤት ስለ መመለስ

ዛሬ ማክሰኞ፣ የወሩ አሥራ አራተኛ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በገዛ ቤቴ በገዛ አልጋዬ ጠርዝ ተቀምጬ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። የመዝገብ ስሜን ጸሐፊው በራስጌው ጽፎታል፤ በዚያ ስም የሚጠራኝ ሰው ስለሌለ ግን፣ ሰፈሩ ሁሉ “አባ ጎማ” የሚለኝ፣ አርባ አንድ ዓመት ጎማ ስጠግን የኖርኩ ጎሚስታ መሆኔ ይታወቅ። ዕድሜዬ ስልሳ ዘጠኝ ነው። ጉበቴ ታሟል፣ ሆዴ ያብጣል፣ እግሬም ሆዴን ይከተላል። አእምሮዬ ግን በዚህ ሰዓት ሙሉ ነው። “በዚህ ሰዓት” የሚለው እንዳይዘለል ጸሐፊውን አደራ ብዬዋለሁ፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይገለጣል።

ሌላ ሰው ሲናዘዝ “አእምሮዬ ጤናማ ነው” ይልና ይታመናል። እኔ ከአራት ወር በፊት ባደረግሁት ኑዛዜ ይህን ቤት በሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ መስታወት ውስጥ ለሚኖረው ሽማግሌ ስላወረስኩ፣ ዛሬ ቃሌ ብቻዋን አልበቃችም። በዚያው ወረቀት ሴት ልጄን ሌባ ብዬ ከውርሴ ነቅያታለሁ። ዛሬ የተሰበሰብነው ያንን ለማፍረስ ነው፤ የቀረው ሁሉ ጓዝ ነው።

ስለዚህ ነርሷ ከምስክሮቹ አንዷ ሆና መጥታ አስቀድማ መረመረችኝ። ቀኑን ጠየቀችኝ፤ ማክሰኞ አልኩ። ሌላው ምስክር፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ረቡዕ ነው ብሎ ተከራከረኝ። ሦስተኛው ምስክር፣ ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው፣ ከደረት ኪሱ ሰዓቱን አውጥቶ አየና ማክሰኞ መሆኑን አረጋገጠ። ቀጥሎ ከአንድ እስከ ሃያ አምስት ያሉ ቁጥሮች የተበተኑበት ወረቀት ሰጥታኝ በተራቸው በመስመር እንዳገናኛቸው ነገረችኝ። በሰዓት ሠሪው ቆጠራ በአርባ ስምንት ሴኮንድ ጨረስኩ። ፀጉር አስተካካዩም እስቲ ልሞክረው ብሎ ተቀብሎኝ ሁለት ደቂቃ ከፈጀ በኋላ አሥራ ሰባት ላይ ቆመ። በመጨረሻ ሁለት እጄን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ወደ ፊት ዘርግቼ መዳፌን ቀጥ እንዳደርግ ታዘዝኩ። ጉበቱ የከዳው ሰው አእምሮው ሲደፈርስ የተዘረጋ እጁ ሊበር እንደሚሞክር ዶሮ ይርገበገባል። የእኔ አልተርገበገበም። እንግዲህ በዚህ ክፍል ውስጥ ቀኑንም ቁጥሩንም የሳተ ሰው ካለ እኔ አለመሆኔ ይመዝገብ። ፀጉር አስተካካዩ ይህ ዓረፍተ ነገር እንዲሰረዝ ጠይቋል። አልተሰረዘም።

ጸሐፊው ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት ሲጽፍ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እኔ በምናገርበት ጊዜ የተባለውም የሆነውም ሁሉ ይጻፋል የሚል ግትርነት አለው። ስለዚህ አንባቢ አልፎ አልፎ “ተናዛዡ ወጣ፤ ተናዛዡ ተመለሰ” የሚል ቢያገኝ አይደነቅ። አእምሮዬን የሚጠብቅልኝ ላክቱሎስ የሚሉት ጣፋጭ ሽሮፕ ነው። ጉበቴ ማጣራት ያቃተውን መርዝ በሆዴ በኩል ጠርጎ ያወጣዋል። ሐኪሙ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መጸዳጃ ቤት እንድወጣ፣ ሰገራዬም ለስላሳ እንዲሆን አዟል፤ ከዚያ ካነሰ አእምሮ ይደፈርሳል፣ ከዚያ ከበዛ ሰውነት ይደርቃል። ቁጥሩ እንዳይምታታብኝ የጎማ ቀዳዳ በማመለክትበት ጠመኔ በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ መስመር አሰምራለሁ። እስካሁን አንድ መስመር አለ።

አንደኛ፣ ስለ ስሜ። በዕድሜዬ ሁሉ አንዲት ብርጭቆ አልኮል አልቀመስኩም። የጉበት በሽታ ሲባል ግን ሰው ሁሉ ወዲያው ዓይኑን ወደ አልጋዬ ሥር ልኮ ጠርሙስ ይፈልጋል። የእኔ ቫይረስ ነው። መቼ እንደ ገባብኝ አይታወቅም፤ ሐኪሙ ምናልባት በሕፃንነትህ ይሆናል ብሎኛል። ድምፁን አጥፍቶ ስንት ዘመን ጉበቴን ጠባሳ ሲያደርገው ኖረ። ይህን እያወቁ፣ በሕይወታቸው አንድ ቅዳሜ በእግራቸው ቆመው ወደ ቤታቸው ገብተው የማያውቁ ጎረቤቶቼ ሊጠይቁኝ መጥተው “ምነው ትንሽ ቀነስ ብታደርግ ኖሮ” እያሉ መከሩኝ። ከመርፌው ሁሉ ይልቅ ይህ አሞኛል። ወሬውን ያዛመተው ፀጉር አስተካካዩ ስለ ሆነ፣ ከሞትኩ በኋላ ሰባት ቀን ሙሉ ወንበሩ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ሁሉ “አባ ጎማ አይጠጣም ነበር” ብሎ እንዲናገር አዝዣለሁ። ፀጉሩን ግማሽ ላይ ሲያደርስ ይናገር፤ ያን ጊዜ ማንም ተነሥቶ አይሄድበትም።

ሁለተኛ፣ የጎማ መጠገኛ ቤቴን ከነኮምፕሬሰሩ፣ ከነክሪኩ፣ ቀዳዳ ከምንፈልግበት የውሃ ገንዳ ጋር፣ ለሴት ልጄ ሰጥቻለሁ። ምክንያቱም የሚከተለው ነው።

ከሰባት ወር በፊት ሦስት ቀን ሙሉ ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ሲወጣ አየሁ። ለማንም አልተናገርኩም። አርባ አንድ ዓመት የጎማ ብናኝ የዋጠ ሰው ጥቁር ቢወጣው ምን ይደንቃል ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም ውስጤ እየጠራ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ደም መሆኑን፣ ከላይ የደማ ደም በሆድ ውስጥ አልፎ ሲወርድ እንደሚጠቁር ያወቅሁት በኋላ ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት የአንድ የውስጥ ጎማ ቀዳዳ ልፈልግ ገንዳው ላይ ጎንበስ እንዳልኩ አቅለሸለሸኝና ውሃው ቀላ። የመኪናው ባለቤት አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ “ቀለም ነው እንዴ?” አለኝ። እኔም ከመውደቄ በፊት “ከመኪናህ የወጣ አይደለም” ብዬ አረጋጋሁት።

ልጄ ሮጣ መጣች። በአካባቢው ያለችው መኪና የሰውየው ብቻ ነበረች፤ እርሷም ክሪክ ላይ ወጥታ በሦስት ጎማ ቆማለች። ልጄ አልጮኸችም። አራተኛውን ጎማ አንከባልላ አመጣች፣ ገጠመች፣ አምስቱን ቡሎን አሰረች፣ ክሪኩን አወረደች፣ ቁልፉን ከሰውየው እጅ ነጠቀች። ሰዓት ሠሪው ከሱቁ በር ላይ ሆኖ አይቷል፤ አራት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ ነው ይላል። እኔ በጉብዝናዬ ወራት ከስድስት ደቂቃ ወርጄ አላውቅም። ባለመኪናው ከኋላ ገብቶ በጎኔ አስተኝቶ ራሴን ያዘልኝ። መንገድ ላይ ጎማው ሲንኳኳ ሰምቼ አራተኛው ቡሎን አልጠበቀም አልኩ።

“አባዬ፣ አሁን ዝም በል” አለችኝ።

ዝም አልኩ። ቡሎኑ ግን አልጠበቀም ነበር፤ እውነት ነውና ይመዝገብ።

ሆስፒታል እንደ ደረስን በሁለት ክንዴ መርፌ ገባ፤ ደም ተሰጠኝ፤ የደም ሥሩን ግፊት የሚያበርድና ኢንፌክሽን የሚከላከል መድኃኒት ተንጠለጠለልኝ፤ በዚያው ቀን ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮዬ ወረደ። ሐኪሙ ኋላ በወረቀት ሥሎ አስረዳኝ። ጉበቴ ጠባሳ ሆኖ ስለ ጠነከረ ደሙ እንደ ልቡ አያልፍበትም፤ ሌላ መንገድ ሲፈልግ በምግብ መውረጃዬ ግርጌ ያሉትን ቀጫጭን ደም ሥሮች ይነፋቸዋል፤ ከነፋቸው አንዱ ፈነዳ። ይህን ለጎሚስታ ማስረዳት ባላስፈለገ ነበር። ግድግዳው የሳሳ የውስጥ ጎማ አየር ሲበዛበት የሚያወጣውን ጉብታ በቀን አሥር ጊዜ አየዋለሁ። ታዲያ ምን አደረጋችሁት ብዬ ጠየቅሁ። በትንንሽ ላስቲክ አሰርነው አለ። በዚህ ጊዜ እንደ በሽተኛ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ተቆጣሁ።

“ዶክተር፣ እኔ ያበጠ ጎማ በላስቲክ አስሬ ለደንበኛ ብሰጥ በዚህ ሰፈር አልኖርም። ይለወጣል እንጂ አይታሰርም” አልኩት።

“መለወጫ ጉበት ሲገኝ እንለውጣለን አባቴ። እስከዚያ እናስራለን” አለኝ።

መልሱ የባለሙያ መልስ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አከብረዋለሁ። እስካሁን አራት ጊዜ አስሮኛል። አምስተኛው ቀጠሮ ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው። ስለዚህ ወራሾቼ በዚህ ኑዛዜ ምክንያት ዕቃ መለካት እንዳይጀምሩ፤ ገና ነኝ።

የደም ሥሩን ግፊት የሚቀንሰው ክኒን የልቤን ምት ያዘገየዋል። ሐኪሙ ምቱ እንዲቆጠር ስላዘዘ ሰዓት ሠሪው ሥራዬ ብሎ ያዘው። በየጠዋቱ ሱቁን ሳይከፍት ይመጣል፤ አንጓዬን ይዞ ሰዓቱን ያያል። መጀመሪያ ሰማንያ ስምንት ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ፊቱ ይጠቁር ነበር። ስልሳ ስገባ ግን ዓይኑ በራ፤ “አሁን ገና ትክክል መሄድ ጀመርክ” አለኝ። አንዳንድ ቀን ስልሳ አንድ ከሆንኩ ትቀድማለህ ብሎ ያማርርብኛል። ለዚህ ታማኝ ወዳጄ የግድግዳ ሰዓቴን በውርስ ሳይሆን ዛሬውኑ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ቆሞ ያላስጠገንኩት እርሱን ለማብሸቅ ነበር፤ አሁን ይብቃው።

ተናዛዡ ወጣ። ተናዛዡ ተመለሰ። በበሩ ላይ ሁለት መስመር አለ።

ሦስተኛ፣ ስለ ዕዳዬ። ያን ዕለት ሦስት ከረጢት ደም በክንዴ ገብቷል። ማን እንደ ሰጠኝ አላውቅም። የማላውቃቸው ሦስት ሰዎች በእኔ ውስጥ ሲዞሩ ሰባት ወር ሆናቸው፤ ይህን ያህል ጊዜ ቤቴ የከረመ እንግዳ ኖሮኝ አያውቅም። ወንዱ ልጄ ሁለት ጊዜ፣ ፀጉር አስተካካዩ አንድ ጊዜ ደም ሰጥተው ይክፈሉልኝ። ፀጉር አስተካካዩ ደም ካየ እንደሚወድቅ አሁን እየተናገረ ነው። ሙያው ምላጭ መያዝ ሆኖ ይህን ዛሬ መስማቴ አስደንግጦኛል። ተኝቶ ይስጥ። ለባለመኪናው ደግሞ ስለ ኋላ ወንበሩ ይቅርታ ይነገርልኝ፤ ሱቁ እስካለ ድረስ አየር በሌላ ሰው አያስሞላ።

አራተኛ፣ ስለ ጨውና ስለ ሌብነት። ከሆስፒታል ስወጣ ጨው ተከለከልኩ። ጨው ውሃ ይይዛል፣ ውሃውም ሆዴ ውስጥ ይጠራቀማል። አንድ ጊዜ በመርፌ ሲቀዱልኝ ሰባት ሊትር ወጣ። ልጄ ይህን ካየች በኋላ ቤት ገብታ የጨው ዘር አጠፋች፤ የጨው ዕቃውን፣ መጠባበቂያውን ከረጢት፣ በወረቀት ጠቅልዬ መስኮት ላይ የረሳኋትን ቁንጥር ሳትቀር። ሦስት ሳምንት ፈለግሁ። የስኳሩን ጣሳ፣ የሳሙናውን ካርቶን፣ የልብስ ስፌቱን ሣጥን በረበርኩ። ለካ በሱቁ በር ላይ ለምልክት በተሰቀለው የከባድ መኪና ጎማ ውስጥ ነበር፣ እኔ ከሥሩ ወንበር አውጥቼ በምቀመጥበት።

ወንዱ ልጄን ሰፈሩ “ስኮርታ” ይለዋል፤ ስኮርታ መኪናው ከኋላው ጭኖት የሚዞር፣ አንዱ ጎማ ሲፈነዳ ብቻ የሚታወስ መለወጫ ጎማ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመጣል። በዚያ ሰሞን ሲመጣ በጎማ መለጠፊያ ጣሳ ውስጥ ጨው የተነሰነሰበት ኦቾሎኒ ደብቆ እያመጣ “አይዞህ አባዬ፣ ትንሽ ምን ታደርግሃለች” ይለኛል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሰው ሲለምነው እምቢ ማለት አይችልም፤ በአውቶቡሱም ማቆሚያ ባልሆነ ቦታ የሚያወርድ እርሱ ነው። እኔም ሰውን ሁሉ ለሁለት ከፈልኩት፤ ኦቾሎኒ የሚያመጣና ጨው የሚደብቅ።

በዚህ ላይ ሽሮፑን ተውኩት። የሰው ጎማ በእጄ ይዤ እየጣልኩ መሮጥ አሳፈረኝ። ልጄ በማንኪያ አጉርሳኝ ዞር ስትል ገንዳው ውስጥ እተፋው ጀመር። በስድስት ቀን አእምሮዬ ሄደ። ለእኔ ግን የሄደ አልመሰለኝም፤ ሌላው ሰው ሁሉ የደነዘዘ ነው የመሰለኝ። ካልሲዬን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኩ። ኮምፕሬሰሩን “አንቱ” ማለት ጀመርኩ። ፀጉሬን ልስተካከል ስሄድ ፊት ለፊቴ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ የከሳ፣ ጠያቂ ያጣ የሚመስል ሽማግሌ ተቀምጦ አየሁና አንጀቴን በላው።

በዚያው ሳምንት ስኮርታን ጻፍ አልኩት፤ ጻፈ። ፀጉር አስተካካዩና ሰዓት ሠሪው ፈረሙ። ለምን እንደ ፈረሙ ዛሬ ስጠይቃቸው ሰዓት ሠሪው “ስንት ሰዓት ነው ስልህ በትክክል ነገርከኛ” አለ። በኋላ እንደ ነገሩኝ፣ በዚያ ወረቀት ቤቱን ለመስታወቱ ሽማግሌ፣ መጠገኛ ቤቱን ለስኮርታ አወረስኩ። ኮምፕሬሰሩን ስለ ረጅም አገልግሎታቸው አመስግኜ ነጻ አወጣኋቸው። ሴት ልጄን ደግሞ “የጨው ሌባ ናትና ከቤቴ ሚስማር እንዳታገኝ” አልኩ። ይህን ስናገር በሩ ላይ ቆማ ነበር አሉ፤ ሽሮፑን ይዛ። ተፈርሞ ሲያበቃ ገባችና “አባዬ፣ አፍህን ክፈት” አለችኝ። ከፈትኩ። በዚያን ቀን ግን እስክውጠው ድረስ ዞር አላለችም። ወዲያው ሆስፒታል ወሰደችኝ፤ በአራተኛው ቀን ወደ ራሴ ተመለስኩ።

ስለ ወረቀቱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የነገረኝ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ያውም ጢሜን ግማሽ ላይ አድርሶ። “ሽማግሌው በእኔ ሱቅ ስለሚኖር ውክልናው ለእኔ ነው” ማለትም ጀምሮ ነበር። ዛሬ ጸሐፊው ወራሹን ሽማግሌ አቅርብ ሲለው፣ አባ ጎማ ካልመጣ እርሱም አይመጣም ብሎ መለሰ። ክርክሩ በዚህ ተዘግቷል።

እንግዲህ ልጄን ሌባ ማለቴ በደል ነው፤ በምስክሮች ፊት ሰድቤያታለሁና በምስክሮች ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ይህ ቤት ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ነው። ትልቁ ራዲዮና መለጠፊያ ጣሳው ለስኮርታ ነው፤ ጣሳው ታጥቦ። የጨው ዕቃውም ከሞትኩ በኋላ ወደ ቦታው ይመለስ። ከዚያ በፊት ማንም አይንካው፣ እኔ ብለምን እንኳ። በተለይ እኔ ብለምን።

አምስተኛ፣ ውርሱን ለመውሰድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ይህ ቫይረስ ከደም ወደ ደም ይተላለፋል፤ ሁለቱም ልጆቼ ደማቸውን ይመርመሩ፤ ነጻ ከሆኑ ክትባቱን እስከ መጨረሻው ይውሰዱ፤ ካርዱን ለጸሐፊው ሳያሳዩ ሚስማር አይነቅሉም። ሴት ልጄ ካርዷን አሳይታለች። ስኮርታ መርፌ ይፈራል፤ መቶ ሰው ጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው። እኅቱ ይዛው ትሂድ። እስካለሁ ድረስ ደግሞ በሱቁ ግድግዳ ላይ “አየር በነጻ” ከሚለው ጽሑፍ ሥር ይህ ይለጠፍ፦ አባ ጎማ ደም ካስታወከ፣ ጥቁር ከወጣው፣ ትኩሳትና የሆድ ሕመም ከያዘው፣ ወይም ኮምፕሬሰሩን አንቱ ካለ፣ ሦስት ቀን አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት። ፀጉር አስተካካዩ ለወገብህ ብሎ የሚሰጠኝን የሕመም ማስታገሻም ከእጄ ቀሙኝ፤ ክኒኑ የታሰሩትን ደም ሥሮች ያደማል ተብያለሁ።

ተናዛዡ ወጣ። ተናዛዡ ዘገየ። ተናዛዡ ተመለሰ። ሦስት መስመር።

ስድስተኛ፣ የቀድሞው ኑዛዜ መሻሩን ልናገር ስል ጸሐፊው ከለከለኝ። ያላየሁትን ወረቀት ተሻረ ብዬ አልጽፍም፣ ይቅረብ አለ። ወራሾች ምስክር መሆን ስለማይችሉ ልጆቼ ኮሪደሩ ላይ በአግዳሚው ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ ተጠሩ። ስኮርታ ወረቀቱ የት እንደ ገባ አላውቅም፣ ሳይጠፋ አይቀርም አለ። ልጄ ወጣችና የሆስፒታል ወረቀቶቼን የምታስቀምጥበትን ትልቅ ፖስታ ይዛ መጣች። የጉሮሮዬን ፎቶ፣ የደም ምርመራውን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል ደርድራዋለች። ከሁሉም ሥር አንድ ወረቀት አወጣች፤ ለሁለት የታጠፈ፣ ያልተጨማደደ። እርሷን የነቀለው ወረቀት አራት ወር ሙሉ በእጇ ነበር። ብትቀደው ማን ይጠይቃት ነበር።

ጸሐፊው ሥርዓቱ ነው ብሎ ከራስጌው ጀምሮ ጮክ ብሎ አነበበው። ሽማግሌው ጋ ሳቅን፤ ኮምፕሬሰሩ ጋ ነርሷም ሳቀች። አራተኛውን፣ ልጄን የነቀልኩበትን፣ ጸሐፊው ቃል ሳይዘል አነበበው። አምስተኛ አንቀጽ እንዳለው ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። እንዲህ ይላል፦

“ለሚስቴ። የአልጋው የግድግዳ ጎን የእርሷ ነው። ይበርዳታልና ብርድ ልብሱ ሙሉውን ለእርሷ ይሁን። ዛሬ ዘግይታለች፤ ስትመጣ በሩን ክፈቱላት። ተቆጥታ እንደ ሆነ፣ ያን ቀን ሱቁን ዘግቼ አብሬሽ መሄድ ነበረብኝ ብሏል በሏት።”

ሚስቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗል። ያን ቀን ደረቷን አሞኛል ብላ ወደ ሐኪም ብቻዋን ሄደች፤ እኔ የጭነት መኪና ጎማ ፈትቼ ነበርና ጨርሼ እደርስብሻለሁ አልኳት። መንገድ ላይ ቀረች። ከቀብሯ ከተመለስን ጀምሮ በዚህ ቤት ስለ እርሷ ተናግሬ አላውቅም። ልጆቼ ሲጀምሩ ተነሥቼ እወጣ ነበር።

ልጄን ለምን አልቀደድሽውም አልኳት።

“ስለ እማዬ የተናገርከው እዚህ ላይ ብቻ ነው” አለች። “እኔን የረገምክበትም ቢሆን ምን ላድርግ አባዬ፣ ሌላ የለኝማ።”

የጸሐፊው እስክሪብቶ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። ጻፍ ብዬው ነው የቀጠለ።

እንግዲህ የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው። የቀድሞው ኑዛዜ ከአንደኛው እስከ አራተኛው አንቀጽ ተሽሯል፤ ሽማግሌውም ቤቱን ይመልስ። አምስተኛው አንቀጽ ይጸናል። አእምሮው ደፍርሶ ያለው ነው እንዳይባል፣ ዛሬ ማክሰኞ፣ ቀኑን እያወቅሁ፣ ቁጥሩን አገናኝቼ፣ እደግመዋለሁ። የግድግዳው ጎን የእርሷ ነው፤ ስድስት ዓመት አልተኛሁበትም። ያን ቀን ሱቁን ዘግቼ አብሬያት መሄድ ነበረብኝ። ይህች ወረቀትም አትቀደድ፤ ለሴት ልጄ ሰጥቻታለሁ። ከእንግዲህ ግን ስለ እናታቸው መስማት የሚፈልግ ልጅ ወረቀት ከማገላበጥ እኔን ይጠይቀኝ። አልወጣም። ከወጣሁም በሽሮፑ ምክንያት ነውና እመለሳለሁ።

ሐሙስ ልታሰር እሄዳለሁ። ልጄ ትነዳለች፤ ቡሎኖቹን እኔ አያለሁ። ሱቁ ያን ቀን ዝግ ነው።

ተነቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።
የተናዛዡ ፊርማ

ሰዓት ሠሪው፦ ንባቡ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ማለቁን መስክሬአለሁ። የግድግዳ ሰዓቱን በምስጋና ተቀብያለሁ፤ ሰባት ዓመት ዘግይቷል። ፊርማ

ፀጉር አስተካካዩ፦ በመስታወቴ ውስጥ ያለው ሽማግሌ ቤቱን መልቀቁን መስክሬአለሁ። ቀኑም ማክሰኞ መሆኑን ተቀብያለሁ። ፊርማ

ጸሐፊው፦ የተባለውንና የሆነውን ሁሉ ጽፌአለሁ። በበሩ ላይ ሦስት መስመር መኖሩን ሄጄ አይቻለሁ። ፊርማ

ነርሷ፦ ሲፈርሙ እጃቸው ተንቀጥቅጧል። እንደገና አስዘርግቼ መርምሬአቸዋለሁ። የጉበት አይደለም። ፊርማ